የትም የማያደርስ ደረጃ፦ ከደብረ ብርሃን ልጆች ጋር በአዲስ አበባ

ማክሰኞ

ከደብረ ብርሃን የተነሳነው ገና ሳይነጋ ነው። የጥር ብርድ በእኛ አገር አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ልጆቹ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው አውቶቡሱ ውስጥ ተኮማትረዋል። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቋል። ብዙዎቹ አዲስ አበባን የሚያውቋት በቴሌቪዥን ብቻ ነው።

እኔ የሶሻል አስተማሪ ነኝ። የጣልያንን ወረራ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ማይጨው፣ 1928፣ አምስት ዓመት፣ 1933። ልጆቹ ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይ ያከብቡታል፣ በሳምንቱ ይረሱታል። ማይጨው ለእነሱ "ሐ" ወይም "መ" የሚል ፊደል ሆኗል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ቅድመ አያቶቻቸው የኖሩት ዘመን እኮ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ መጽሐፉን እንዝጋና ከጦርነቱ የተረፈ ዕቃ ፊት ለፊት እንቁም አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ፈቀዱ። ወላጆች የአውቶቡሱን ኪራይ አዋጡ። አንዲት የአማርኛ አስተማሪ ባልደረባዬም አብራን መጣች።

ሸኖ ላይ ሻይ ስንጠጣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ደብተር ሰጠሁ። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈሉት። በግራ "ያየሁት"፣ በቀኝ "የሰማሁት" ብለው ጻፉ። ደንቡ አንድ ነው። ግራው ሳይሞላ ቀኙ አይነካም።

"ቲቸር፣ ግን ምንድነው የምናየው?" አለ አንዱ።

"ስትደርስ ታየዋለህ" አልኩት።

አለልቱን፣ ሰንዳፋን፣ ለገጣፎን አልፈን መገናኛ ስንደርስ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ሁሉም አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፏል። ያደርንበት አራት ኪሎ አካባቢ የሚገኝ ትምህርት ቤት ክፍሎቹን ለቆልን ነበር። ፍራሽ አነጠፍን። ሽሮ በላን። ተኛን።

ረቡዕ

ጠዋት በእግራችን ወደ ስድስት ኪሎ ወጣን። ብሔራዊ ሙዚየሙ በር ላይ ስንደርስ "ድንቅነሽ! ድንቅነሽ!" የሚል ጩኸት ተነሳ። አላስገባኋቸውም። ፊታቸው ጠቆረ። እኔ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም። የትምህርት ቤት ጉብኝት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። በአንድ ቀን አምስት ሙዚየም ይታያል፣ መቶ ፎቶ ይነሳል፣ ማታ ልጁን ምን አየህ ስትለው "ብዙ ነገር" ይልሃል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ደብዳቤያችንን አሳየን፣ ተፈተሽን፣ ገባን። ዛፎቹ መሀል አልፈን ግቢው ውስጥ ያለው ሙዚየም ፊት ስንደርስ አስቆምኳቸው።

ደረጃው እዚያ አለ። ቤት የለውም። በር የለውም። ከመሬት ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣና አየር ላይ ያበቃል። ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ አንበሳ ቆሟል።

ስለ ደረጃው ምንም አልተናገርኩም። "ዙሩት። እዩት። አትውጡበት። ግራውን ሙሉ" ብቻ አልኩ።

መጀመሪያ ምንም አልመጣም። "ደረጃ ነው" ብለው ጻፉና ቀና ብለው አዩኝ። ዝም አልኩ። ለአስተማሪ ዝም ማለት ከባድ ነው። ምላሴ ላይ ቀን አለ፣ ስም አለ፣ ታሪክ አለ። ባልደረባዬ "ትንሽ ንገራቸው እንጂ" ብላ ጎሸመችኝ። አሁንም ዝም። ቀስ በቀስ ልጆቹ መዞር ጀመሩ። አንዱ በርከክ ብሎ ከሥር አየ። ሌላው ራቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ ወሬው መጣ።

"ላይ ብትደርስ የምትገባበት ቤት የለም።"

"የፈረሰ ቤት ደረጃ ነው።"

"አይደለም፣ የፈረሰ ቢሆን ጎኑ ላይ የግድግዳ ምልክት ይኖር ነበር።"

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ እንዲህ አለች፦ "አንበሳውና ደረጃው አይመጣጠኑም። ደረጃውን የሠራው ሰው አንበሳውን ያሰበ አይመስለኝም።"

ክፍል ውስጥ ለአንድ ሳምንት ባስተምር ይህን ዓረፍተ ነገር ከማንም ተማሪ አላገኝም። አይተው ብቻ ነው እዚህ የደረሱት። ማንም አልነገራቸውም።

"እርከኖቹን ቁጠሩ" አልኩ። አንዱ 13 አለ፣ ሌላው 14። ጣት እየተቀሰረ፣ ድምፅ እየጨመረ እንደገና ተቆጠረ። 14 ላይ ተስማሙ።

አሁን ቀኙን እንዲከፍቱ አደረግኩ። ጥቅምት 18 ቀን 1915 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ተከታዮች ወደ ሮም ዘመቱ። እሱም ሥልጣን ያዘ። ፋሺስቶቹ ከዚያች ቀን ጀምረው የራሳቸውን ዘመን መቁጠር ጀመሩ። አንደኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ዓመት እያሉ በሮማውያን ቁጥር ይጽፉ ነበር። ጦራቸው አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ከገቡ በኋላ እዚህ ግቢ ውስጥ ይህን ደረጃ አቆሙ። ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ እርከን።

እርሳሶች ተንቀሳቀሱ። ከ28 ላይ 15 ተቀነሰ።

"ቲቸር፣ 13 ነው የሚመጣው! አንድ እርከን ይተርፋል!"

ጭቅጭቅ ተነሳ። ቆጠራው ስህተት ነው የሚል አለ። ጣልያኖቹ ዋሽተዋል የሚልም አለ። የፈታው በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ ነው። "እኔ 13 ዓመት ሞልቶኛል። አሁን የምኖረው ግን 14ኛውን ነው" አለ። ልክ ነው። በእነሱ አቆጣጠር 14ኛው ዓመት የጀመረው ጥቅምት 1928 ላይ ነበር። አዲስ አበባ የገቡት በዚያ ዓመት ውስጥ ነው። ልጁ ጓደኞቹ ሲያጨበጭቡለት አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ቤቱን አሳየኋቸው። ከፊታችን ያለው ሙዚየም ያኔ ገነተ ልዑል ይባል ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት። በወረራው ጊዜ ማርሻል ግራዚያኒ የተቀመጠው እዚሁ ነው። ድል አድርገናል ብለው ያመኑ ሰዎች በተሸናፊው ንጉሥ ደጃፍ ላይ ዘመናቸውን በእርከን ቆጥረው አቆሙ። በ1933 ተባረሩ። ከነፃነት በኋላ የመጨረሻው እርከን ላይ የይሁዳ አንበሳ፣ የዘውዱ ምልክት፣ ተቀመጠበት።

ያቺ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጽፋ ለጎረቤቷ አሳየች። ጎረቤቷ ጮክ ብላ አነበበችው፦ "አስራ አምስተኛው አንበሳው ነው።"

"ግን ለምን አላፈረሱትም?" ብዬ ጠየቅኩ። የጉዞው ዋና ሰዓት ይህ ሆነ።

አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተቆጣ። የጠላት ዕቃ ግቢያችን ውስጥ ምን ይሠራል፣ ድንጋይ በድንጋይ መፍረስ ነበረበት አለ። ከልቡ ነው የተናገረው። ብዙዎች ደገፉት። አንዲት ልጅ "ቢፈርስ ዛሬ ምን እናይ ነበር?" አለችው። "መጽሐፍ ላይ እናነበው ነበር" አላት። "አንተ መጽሐፉን አንብበሃል?" ሳቅ ሆነ። ሌላው ደግሞ "አንበሳው መሬት ላይ ቢቀመጥ ዝም ብሎ አንበሳ ነው። እዚያ ላይ ሲሆን ነው የሚናገረው" አለ።

የግቢው ጥበቃ ቆመው ይሰሙ ነበር። ልጆቹ "ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" አሏቸው። "በየቀኑ በፊቱ አልፋለሁ፤ ዛሬ ነው የቆጠርኩት" አሉና እሳቸውም ከሥር ጀምረው ቆጠሩ።

የእኔን አስተያየት በመጨረሻ ነገርኳቸው። ባለመፍረሱ ደስ ይለኛል። የፋሺስቱን ትዕቢት በቃል ብነግራቸው የእኔ ወሬ ነው። እሱ ራሱ በሲሚንቶ አቁሞት ሲያዩት ግን ወሬ መሆኑ ያበቃል። የአንበሳው ነገርም እንደዚያው ነው። ያልተስማማው ተማሪ እስከ መጨረሻው አልተስማማም። ደብተሩ ላይ "መፍረስ ነበረበት" ብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። አላስጠፋሁትም።

የካቲት 12ን የነገርኳቸው እዚያው ቆመን ነው። ይህ ግቢ ነው ቦታው። በ1929 ዓ.ም. በዚያ ቀን ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝቡን እዚህ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም፣ ሁለቱ ኤርትራውያን ወጣቶች፣ የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ። ከዚያ ለሦስት ቀን በከተማዋ ሰው ተገደለ፣ ቤት ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቧል። ለ13 ዓመት ልጅ ይህን እንዴት እንደምነግረው ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ሳስብ ነበር። በመጨረሻ ሳላስጌጥና ሳልደብቅ፣ በአጭሩ ነገርኳቸው። ደረጃውን ካዩ በኋላ ስለነበር መሰለኝ አንድም ልጅ አልተቁነጠነጠም።

ወጥተን አደባባዩ ላይ ያለውን የሰማዕታት ሐውልት ዞርነው። በድንጋዩ ዙሪያ የተቀረጹት ምስሎች ከባድ ናቸው። ሐዘን አለ፣ ሬሳ አለ። "ከደረጃውና ከሐውልቱ ያን ቀን እዚህ የነበረው የቱ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። ሐውልቱ ከነፃነት በኋላ በዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የተሠራ ነው። ብዙዎቹ ሐውልቱ ትልቅ ስለሆነ እሱ ነው አሉ። ከዚያ ራሳቸው ተራረሙ። የሞተውን ሰው ለማሰብ ሐውልቱን ያቆመው ከሞቱ በኋላ የመጣ ሰው ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ያ ዝም ያለ ደረጃ ነው።

ከሰዓት ሙዚየሙን በፍጥነት አየን። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ እንደሰጡት ሰሙ። የንጉሡ መኝታ ቤት ጋ ተጋፉ። ደክሟቸው ስለነበር ብዙም አልያዝኳቸውም።

ሐሙስ

ዛሬ ፒያሳ። ለልጆቹ "አንድ የተቀበረና አንድ የተዘረፈ እናያለን" ብያቸው ስለነበር ቁርስ እንኳ በወጉ አልበሉም።

ምኒልክ አደባባይ መኪናው ብዙ ነው። ልጆቹን በመስመር አሻግረን ሐውልቱ ሥር አቆምናቸው። ግራው ቶሎ ሞላ። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንስቷል፣ ንጉሡ ዘውድ ደፍተዋል። ይህ ሐውልት የተመረቀው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫኛ ዋዜማ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ነው። ጣልያኖች ከተማዋን እንደያዙ በሌሊት አንስተው ቀበሩት። ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

"ሐውልት ይቀበራል እንዴ?" አለች አንዷ። "ዓድዋን ፈርተው ነው" አላት ጎረቤቷ። ይህን መልስ ማንም አላስጠናውም። አንዱ ልጅ ደግሞ ዙሪያውን እየዞረ የፈረሱን ሆድ ያያል። ምን ትፈልጋለህ ስለው "የተቀበረበትን ጭረት" አለኝ። ትናንት ጠዋት "ደረጃ ነው" ብሎ ጽፎ የቆመው ልጅ ነው።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራ ነው። በ1929 ጣልያኖች አቃጥለውት ነበር። ከነፃነት በኋላ ታደሰ። ተሳልመን ወጣን። በ2016 የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከውጭ ብቻ አየነው። እሱ የራሱ ቀን ይገባዋል።

ከዚያ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወረድን። ፀሐዩ ከረር ብሏል። ብሔራዊ ቴአትር ጋ ስንደርስ ከፊት ያሉት ሮጡ። "አንበሳው! አንበሳው!" ትልቁን የድንጋይ አንበሳ ከበቡት። ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ በ1948 ለዘውዱ 25ኛ ዓመት የቀረጸው ነው። ዓመተ ምሕረቱን ስነግራቸው አንዷ ደብተሯን ገለጠች። "1948? ጣልያን እኮ በ1933 ወጥቷል። ይሄ አልተዘረፈም።" ሌሎቹ ቅር እያላቸው ተከተሏት። እኔ ግን ከዚያ በላይ ምን እፈልጋለሁ!

ለገሃር ያለው አንበሳ ዘውድ ደፍቷል፣ በወርቅ ቀለም ያብረቀርቃል። ይህኛውም በ1923 ለዘውዱ በዓል የቆመ ነው። ከኋላው ያለውን የባቡር ጣቢያ አሳየኋቸው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጅቡቲ የሄዱት በዚህ ሐዲድ ነው። ጣልያኖች አንበሳውን ነቅለው ሮም ወሰዱት። ያስቀመጡትም የዶጋሊ መታሰቢያ ሥር ነው። ዶጋሊ ማለት ራስ አሉላ በ1879 ወደ 500 የሚጠጋ የጣልያን ጦር የደመሰሱበት ቦታ ነው።

"ታዲያ አንበሳው ምን አደረጋቸው?" አለ ትንሹ ልጅ።

ትላልቆቹ ሊያስረዱት ተሻሙ። ለዶጋሊና ለዓድዋ ብድር መመለሻ አድርገውታል አሉት። ልጁ ግን አልረካም። አሉላን ሳያገኙ አንበሳ ማሰር ድል ነው ወይ ብሎ ተከራከራቸው።

የዘርዓይ ደረስን ታሪክ እዚህ ነገርኳቸው። ሰኔ 1930፣ ሮም። ኤርትራዊው ወጣት አንበሳው ባለበት በዚያ መታሰቢያ ሥር ሰይፉን መዘዘ፣ ሰዎችን አቆሰለ፣ ተያዘ። ከሰባት ዓመት በኋላ እዚያው ጣልያን ውስጥ ሞተ። ልጆቹ ይህን ታሪክ ቀድመው ሰምተውታል። አንዱ አምስት ሰው ገደለ አለ። ሌላው አስር አለ። ሦስተኛው ተንበርክኮ ጸልዮ ነው የተነሳው አለ። ሁሉንም በቀኙ አጻፍኳቸው፣ እያንዳንዱ ከማን እንደሰማው ጭምር። አንዷ "ከአያቴ" ብላ ጻፈች። ሌላው "ከቲክቶክ" አለ። በሁሉም ታሪኮች ውስጥ የሚደጋገመውን እንዲያከብቡ ነገርኳቸው። አንበሳው፣ ሰይፉ፣ ሮም፣ ዘርዓይ። የቀረውን ወደፊት እያነበቡ ያጣሩታል። ጀግናው በዚህ አያንስም።

አንበሳው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። ልጆቹ ለረጅም ጊዜ አጠገቡ ተቀመጡ። ሳምቡሳ በላን። የተመለስነው በአንበሳ አውቶቡስ ነው። ከመሳፈራችን በፊት አንዱ የአውቶቡሱ ጎን ላይ ያለውን አንበሳ አይቶ ደብተሩን አወጣ።

ዓርብ

ጠዋት አራት ኪሎ አደባባይ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልትን አየን። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ጣልያን ገባ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማዋ ተመለሱ። ልጆቹ በቀኑ መግጠም ተገረሙ። የታሰበበት መሆኑንም ገመቱ። ብዙ ሳንቆይ ዕቃችንን ጭነን ተነሳን።

ሰንዳፋን ስናልፍ ከኋላ ወንበር ጥያቄው መጣ። "ቲቸር፣ እኛ ጋስ ምን አለ?"

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ራሴ ባነሳው ግን የቤት ሥራ ይሆንባቸዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ተነስቼ መሀል ላይ ቆምኩ። የካቲት 12 በዚያው አላበቃም። በግንቦት 1929 ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት አስረሸነ። ዲያቆናቱ ግን ያኔ አልተገደሉም። ወደ ደብረ ብርሃን ተጫኑ። ከቀናት በኋላ ከከተማችን ብዙ በማይርቀው እንገጫ በሚባል ቦታ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም በላከው ቴሌግራም ቁጥራቸውን 129 ብሎ አስፍሯል። ዲያቆን አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነው። ከእናንተ ብዙ የማይበልጡ ነበሩበት።

አውቶቡሱ ውስጥ ደብተሮች ተገለጡ። በቀኝ በኩል ጻፉ። ቀድሞ "መፍረስ ነበረበት" ያለው ተማሪ ብድግ አለ። "ደንቡን ጥሰናል" አለ። "ግራው ባዶ ነው።"

ልክ ነበር። ሸኖ ከመድረሳችን በፊት ተነጋገርን። ባልደረባዬ ከአካባቢው ሽማግሌዎችና ከካህናቱ ጋር ታነጋግረናለች። እኔ ለወላጆች ደብዳቤ እጽፋለሁ። ልጆቹ በየቤታቸው አያት፣ ቅድመ አያት ያለው ምን እንደሰማ ጠይቀው ይመጣሉ፣ የተናገረውንም ሰው ስም ይጽፋሉ። የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንገናኛለን። ውኃና ኮፍያ ያልያዘ አይሄድም።